የሉርደስ ጀግና መቃብር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሂሩት፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የእማዬ ዓይን እንዴት ነው? ጋሽ አስፋውንስ ያ ክፉ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ለሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ ለነፍሴ ግን እንጃ። ይህን ደብዳቤ ለሥራ አዲስ አበባ በምትሄደው በጎረቤቴ በፍቅርተማርያም እጅ ነው የምልክልሽ፤ ማንም ስለማይከፍተው እንደ ልቤ እጽፋለሁ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

እዚህ ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ልብስ የምንተኩሰው እኔና ሉርደስ የምትባል ፊሊፒናዊት ነን። አፏ ሥራ አይፈታም። ከካውያው ጠረጴዛ በላይ የአንድ ሰው ፎቶ ሰቅላለች፤ ባሏ መስሎኝ መልኩን ባደንቅላት በሳቅ ልትሞት ነበር። ለካስ ስፔኖች የገደሉት ሖሴ ሪዛል የሚባል ጀግናቸው ኖሯል። ሐሙስ የሞተበት ቀን ነበርና ሻማ አብርታ ታሪኩን ነገረችኝ።

ሐኪምም ደራሲም ነበር። የሕዝቡን በደል ቢጽፍ ረሸኑት። እንደ ከሃዲ ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም አዘዙት፤ ጥይቱ ሲመታው ግን ዞሮ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ወደቀ። ሬሳውን ለቤተሰቡ ከልክለው ያለ ሣጥን በስውር ቀበሩት። ናርሲሳ የምትባል እህቱ ከመቃብር መቃብር ስትዞር፣ አንድ ያረጀ መካነ መቃብር በር ላይ ወታደሮች ቆመው አየች፤ ብትገባ አዲስ የተቆፈረ አፈር አገኘች። ለቀባሪው ጉርሻ ሰጥታ ምልክት አስደረገችበት። ኋላ ስፔኖች ድል ሲመቱ ቤተሰቦቹ አጥንቱን አወጡት።

ይህን ብላ ስታበቃ ሉርደስ፣ «የአንቺስ ወንድም የት ተቀበረ? እናትሽ የት ሄዳ ታለቅሳለች?» አለችኝ። ለእሷ ነግሬያት ነበር። ለእናንተ ግን አልነገርኩም።

ሂሩትዬ፣ ወንድማችን ፍቅሬ ሞቷል። አብሮት ታስሮ የነበረ ሀብተሥላሴ የሚባል ሰው አምና ዙሪክ መጥቶ ነገረኝ። በመጋቢት 1970 ዓ.ም. ስሙን ጠርተው አወጡት። በማግስቱ ቀይ ሹራቡን ዘበኛው ለብሶት መጣ፤ መገደሉንም ራሱ ነገራቸው። የት እንደጣሉት ግን አልተናገረም።

መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ፣ መጥቼ በሽማግሌ አስነግራለሁ ስል ቆየሁ። ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር፤ እማዬን ላጽናና ብዬ ካርቱም ታየ ብዬ ጻፍኩላችሁ። ውሸቴን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ባሳደርኩት ቁጥር ጨለመብኝ። እማዬ አሁንም አልጋውን እንደምታነጥፍለት ከጻፍሽልኝ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ አንሶላ ስተኩስ እንፋሎቱ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል። ስጠራው አይዞርም። እፈራዋለሁ፣ የገዛ ወንድሜን።

አደራሽን፣ አጎታችንን ጋሽ አስፋውንና የነፍስ አባታችንን መምሬ ኅሩይን በማለዳ ጥሪያቸው፤ እነሱ ይንገሯት። እኛ እንደ ናርሲሳ መቃብር አላገኘንምና ግራጫ ኮቱ ከሣጥን ይውጣና በእሱ ይለቀስ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው፤ በፍትሐቱ እንዳይሳሳቱ። ቀበሌ ለቅሶ ከከለከላችሁ በራችሁን ዘግታችሁ አልቅሱ። ውሸቱ የእኔ መሆኑን ንገሪያት፤ ብትረግመኝም ይገባኛል።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጋሽ አስፋው፣ ለመምሬ ኅሩይ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ የወይንሐረግ፣ ለልጅሽ ለከተማ ሰላምታዬ ይድረስ። ከከተማ ቀጥሎ የሠረዝኩት የፍቅሬን ስም ነው። እጄ ለምዶ ጽፎት ነበር።

እህትሽ ሕብስት
ጄኔቫ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.