ለታሪካችን ክብር ስለጠፋው ምድጃ

ለተከበሩ የማቴሪያል ፊዚክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ የምሥረታ በዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ «የማይበርደው ምድጃ» የተሰኘው የትምህርት ክፍላችን የታሪክ መጽሐፍ ዋና አዘጋጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የጉሮሮዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። በበዓሉ ጠዋት ገና «ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን» ከማለትዎ መብራቱ ድርግም ብሎ ድምፅ ማጉያው ቀጥ ባለብዎ ጊዜ፣ ከመድረኩ ወርደው ኤሌክትሪሺያኑን ጥግ በማስያዝ «መስመሩን የሚበላው ያ የላብራቶሪ ምድጃ ነው፤ አጥፋው፤ አንድ ሰዓት ምን አላት» ብለው አዘዙት። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅዎ ኩልል ብሎ አዳራሹን እንደሞላ፣ ስለዚያው ምድጃ ታሪክም እንግዶቹ እስኪያዛጉ ድረስ እንደተናገሩ ሰምቻለሁ። ጉሮሮዎ በመትረፉ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ የተረፈው እሱ ብቻ ነውና።

እኔ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎ ነኝ። ፊቴ ካልመጣልዎ፣ በዚያ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ኮትዎ ላይ አበባ የሰካሁልዎ ልጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት፣ ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «እየታየ ነው» የሚል መልስ ብቻ ስላገኙ ነው። ይህን ያህል ከታየ ሌላውም ሰው ቢያየው አይከፋም ብዬ ነው።

ፊዚክስ የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይገባው ስለ ምድጃው ጥቂት ልበል። የትምህርት ክፍላችን የተጀመረው ደረጃ ሥር ባለች የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። መሥራቹ መምህር፣ እኛ ተማሪዎች «አባ ፍም» የምንላቸው አዛውንት፣ ያኔ በወጣትነታቸው እሳት የሚችል ጡብና የማሞቂያ ሽቦ ለቃቅመው ምድጃውን በእጃቸው ሠሩት። በምድጃው ውስጥ፣ በሴራሚክ ቱቦ ውስጥ የተቀመጠ ዱቄት ይቀልጣል፤ የቀለጠው ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ዓይን በማያየው ዝግታ ይወርዳል፤ እየወረደም አተሞቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ቦታ ቦታቸውን እየያዙ አንድ ወጥ፣ ጥርት ያለ ክሪስታል ይሆናሉ። ካጣደፏቸው ይጋፋሉ፤ የሚወጣውም የተሰባበረ ጠርሙስ የመሰለ ነገር ነው። ማቀዝቀዙም እንዲሁ ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይሆንም። ስለዚህ የትምህርት ክፍላችን ታሪክ፣ በመጽሐፍዎ ከተደረደሩት የኃላፊዎች ፎቶግራፎች ውጪ፣ መጠበቅ የቻሉ ሰዎች ታሪክ ነው።

እኔም ጠብቄ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክሪስታሎቼ ደፍርሰው ወጡ። ሦስተኛው እየሰመረ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ የቆመው በእሱ ላይ ነው፤ የተሰጠኝ የጥናት ጊዜም ከዚህ መንፈቅ አያልፍም። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ አበባው አመሰግናለሁ። ከበዓሉ በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ምድጃው በዚህ ደረጃ ላይ ከአጠገቡ ሰው መለየት እንደሌለበት ስነግርዎ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ሕፃን ነው እንዴ ሞግዚት የሚያሻው? እኛን የቸገረን ፈገግ ብሎ እንግዳ የሚቀበል ሰው ነው» አሉኝ። ወንዶቹ የላብራቶሪ ባልደረቦቼ ፈገግታ ስላልተሰጣቸው ይመስለኛል፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው፤ ለእኔ ቅርጫት ተሰጠኝ። አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ «ዶክተር አበባ፣ ለእኔም አንድ ጣል አድርጊልኝ እንጂ» አለኝ፤ ቅርጫቱን አናቱ ላይ አለመድፋቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ከበዓሉ በኋላ በታተመው መጽሐፍዎም «ሴቶች በትምህርት ክፍላችን» በሚለው ምዕራፍ ያለው ብቸኛ ፎቶግራፍ ይኸው ቅርጫት የያዝኩበት ነው። ምዕራፉ አንድ ገጽ ስለሆነ አንባቢን አያደክምም፤ ስለዚህም ምስጋና ይገባዎታል።

ሁለተኛ፣ ስለ አምፖሉ። አንድ ሰዓት የተባለችው ግማሽ ቀን ሆና፣ እንግዶቹን ላብራቶሪ ለማስጎብኘት ሲወርዱ እኔም ቅርጫቴን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። የምድጃው ማያ ቀዳዳ ቀልቶ ሳየው ልቤ ረጋ። ቀጥዬ የሙቀት መለኪያውን ፈለግሁ፤ ቁጥሩ የሚታይበት መስኮት ላይ የበዓሉ ዓርማ ተለጥፎበታል። ወደ ምድጃው ጠጋ አልኩ፤ ሌላ ቀን ፊትን የሚገፋው ወላፈን የለም። የኋላ መዝጊያው ተከፍቶ፣ በዚያ በኩል አንድ ቀይ አምፖል ገብቶ ተሰክቷል። በተከፈተው መዝጊያ፣ ገና ግለቱ ያልወጣለት ቱቦ ላይ ቀዝቃዛው አየር እንደልቡ ይገባል። እርስዎም እጅዎን ዘርግተው «ይኸውላችሁ፣ ከመሥራቾቻችን ዘመን ጀምሮ ያልበረደው ምድጃችን» ሲሉ፣ ከውስጥ ጠርሙስ ሲነቃ የሚሰማ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። አንድ እንግዳ ምን እንደሆነ ሲጠይቅዎ «እየሠራ ነው» አሉ።

የክብር እንግዳው አባ ፍም፣ በሠሩት ምድጃ ፊት መዳፋቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆዩና «ልጆች፣ እሳቱ የት ሄደ?» አሉ። እርስዎ «አባባ መቼም ቀልድ አይለቃቸውም» ሲሉ ሁሉም ሳቀ። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ «ምድጃው ጠፍቷል፤ አሁን የሰማችሁት ቱቦው ሲሰነጠቅ ነው» አልኩ። «ተማሪዎቻችን ለሥራቸው ሲበዛ ይጨነቃሉ» ብለው አስጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጭብጨባ ያሳፈረኝ ነገር የለም። አባ ፍም ግን አላጨበጨቡም፤ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ወደ በሩ ዞሩ።

ሦስተኛ፣ ስለ አስተሳሰብዎ ጥራት አመሰግናለሁ፤ ከክሪስታል ይጠራል። የመጽሐፍዎ ሽፋን ያ ቀይ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሩም «በምሥረታ በዓሉ ዕለት ሲሠራ የተነሣ» ተብሎ ተጽፏል። መጽሐፉ በዕለቱ ይሠራ ነበር ካለ፣ ምድጃው በዕለቱ ሊጠፋ አይችልም። በዕለቱ ካልጠፋ የተሰነጠቀው በኋላ ነው። በኋላ ከተሰነጠቀ የሰነጠቀው ሰው ሊኖር ይገባል፤ የላብራቶሪው ቁልፍ ያለው ደግሞ በእኔ እጅ ነው። በዚህ መንገድ ታሪካችን እውነት ሆኖ እንዲቀጥል እኔ ጥፋተኛ መሆን ነበረብኝ። ስለዚህም «ከበዓሉ በኋላ ምድጃውን ያለ ጥንቃቄ በማጥፋቴ ቱቦው ተሰንጥቋል» የሚል የእምነት ቃል አስተይበው ላኩልኝ። ከፈረምኩ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ይፈቀድልኛል። ካልፈረምኩ በንብረት ጉዳት እሰናበታለሁ። ይህን ያህል ከተጨነቁልኝ አይቀር፣ እንባ የሚጠረግበት መሐረብ አብረው ቢልኩ ጥሩ ነበር።

እማኝ ፍለጋ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «እህቴ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለኝ። «አጥፋ ሲሉኝ አጠፋሁ። አላጠፋህም ሲሉኝ አላጠፋሁም። ነገ አንተ ራስህ የለህም ቢሉኝ፣ እሺ ብዬ እቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ።» አልፈረድኩበትም። እርስዎም እንዳይፈርዱበት እለምናለሁ፤ ትእዛዝዎን እሱ እንዳልነገረኝ ማወቅ ከፈለጉ፣ ጥግ ይዘው ሲያወሩ ደረትዎ ላይ የሰኩት ማይክሮፎን ክፍት ነበር፤ መብራቱም ሳይቆይ ተመልሶ ነበር። የኋላው ረድፍ ሳይቀር ሰምቷል፤ በር ላይ ለነበርኩት ለእኔ ሹክ ያሉኝ ግን ቱቦው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። መስማቱን በአደባባይ የሚያምን አንድ ሰው ግን አላገኘሁም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ልተወውና፣ መውጫ አጥቻለሁ። ቱቦው አገር ውስጥ አይሠራም፤ ታዝዞ እስኪመጣ የእኔ ጊዜ ያልቃል። ተመሳሳይ ምድጃ ያለው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ለመንኩ፤ «ከኃላፊሽ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ» አሉኝ። ኃላፊዬ እርስዎ ነዎት። ጠዋት ጠዋት ላብራቶሪ እገባለሁ፤ ጋዋኔን እለብሳለሁ፤ ከዚያ የምሠራው ነገር የለም። ከቱቦው ጋር አብሮ የተሰበረውን ክሪስታል በመቆንጠጫ እያነሳሁ ዳር ለዳር እገጥመዋለሁ። እንደማይገጣጠም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሙያዬ ነውና።

ልብስ ሰፊዋ እናቴ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሳ «ምን አለበት ብትፈርሚላቸው? ሸክላ ሰበርሽ ነው የተባልሽው፤ ሰው ገደልሽ አልተባልሽ። ውጪና ኑሮሽን ኑሪ ልጄ» አለችኝ። ለእኔ ብላ ነው። እኔም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ይህን የምጽፈው ጀግና መስዬ እንድታይ ስላልሆነ በግልጽ ልንገርዎ፦ ለመፈረም ተቀምጬ ነበር።

በዚያው ቀን ለሁለተኛ ዲግሪ ያመለከተች አንዲት ልጅ ላብራቶሪው ድረስ መጣች። በሩን ያዝ አድርጋ «እህት ዓለም፣ አንቺ ነሽ ምድጃውን የሰበርሽው?» አለችኝ። ማን እንዳላት ጠየቅኋት። በቃለ መጠይቁ ላይ ክሪስታል ማሳደግ እፈልጋለሁ ስትል፣ እርስዎ «ምድጃ ለሴት እጅ እንደማይሆን አይተናል፤ ወረቀትና እርሳስ የሚበቃውን ዘርፍ ምረጪ» ብለዋታል። ገና ሳልፈርም ፊርማዬ ሥራ ጀምሮ ነበር ማለት ነው። በመጽሐፍዎ በሚቀጥለው እትም ምን እንደሚጻፍም ያኔ ገባኝ፦ ወንዶች ሠሩት፣ ወንዶች ጠበቁት፣ አንዲት ሴት ሰበረችው። ልጅቷን አስገብቼ፣ የተሰነጠቀውን ቱቦ አውጥቼ፣ ቀዝቃዛ አየር ከየት በኩል እንደገባና ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ አሳየኋት። ብዙ ጠየቀችኝ። እስክሪብቶውን የት እንዳደረግሁት አላውቅም።

ስለዚህ አልፈርምም። ማራዘሚያውም እንደ ምጽዋት ሳይሆን ለጠፋብኝ ሥራ ካሳ ሆኖ ካልመጣ አልወስደውም። ያሰናብቱኝ እንደሆነ በጽሑፍ ያሰናብቱኝ፤ ምክንያቱንም ይጻፉት፤ እኔም ይግባኝ የምለው ለሚሰማም ለማይሰማም ነው። ያቺን ልጅ ግን ምድጃ ዳር እንዳትደርስ በእኔ ስም ማስፈራራትዎን ዛሬውኑ ያቁሙ።

በዚሁ አጋጣሚ ለታሪካችን ሲሉ የሚከፍሉትን መሥዋዕትነት፣ በተለይም ሌላ ሰው እንዲከፍለው የሚያደርጉበትን ልግስና እያደነቅሁ፣ ለረጅም ዕድሜዎ፣ ለማዕረግዎ ከፍታ፣ ለወንበርዎም ልስላሴ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
በመጽሐፍዎ ያለ ስም የታተመችው ተማሪዎ

ማስታወሻ፦ የላኩልኝን የእምነት ቃል ሳልፈርምበት በጸሐፊዎ በኩል መልሻለሁ። ለስም የተተወው መስመር ሰፊ ነው፤ የእርስዎ ስም ከነማዕረጉ ተደላድሎ ይገባበታል። የእኔ ስም በሌላ ሰው ጥፋት ሥር ሲጻፍ ማየት ግን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።