በሌላው በኩል ያለው ባሕር

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ ዛሬም ያስቸግርሻል? ጋሼ ስፌቱን ቀነስ አደረገ ወይስ እንደ ልማዱ መኪናው ላይ አቀርቅሮ ይውላል? መንትዮቹንስ ትምህርት እንዴት ይዟቸዋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። የባቡሩ ወጥ ቤት ሙቀት ትንሽ አከሳኝ እንጂ አንቺ እንደምትፈሪው አጥንቴ አልገጠጠም።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ «ሦስት ጊዜ ልምጣ ብልህ ሦስት ጊዜ ሰበብ ሰጠኸኝ፤ እንግዲህ ባሕሩን ካንተ ደብዳቤ ላይ ማየቱ ይበቃኛል» ያልሽው አንጀቴን በላኝ። ስለዚህ ዛሬ የሆዴን ልንገርሽ። እታለም፣ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ባሕር ስጽፍልሽ ባሕሩን አይቼው አላውቅም ነበር።

ወጥ ቤታችን ያለው አንድ መስኮት ነው፤ እሱም ድንች ከምልጥበት ገንዳ በላይ፣ በተራራው በኩል። ባቡሩ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ አይዞርም፤ የሚጎትተው ሞተር ብቻ ተፈትቶ በጭራው በኩል ይቀጠላል እንጂ ፉርጎዎቹ እንደነበሩ ናቸው። ስለዚህ ስሄድም ስመለስም የማየው ያንኑ ነው፦ የተፈለጠ ቋጥኝ፣ የጡብ ፋብሪካ ጭስ፣ የከተሞቹን ጓሮ። ሰው የከተማን ፊት ሲያይ እኔ የተጣለ ፍራሽና የተሰጣ አንሶላ አያለሁ። ልብስ አሰጣጣቸውን ጠይቂኝ፤ አንዷ ከተማ ካልሲ እንኳ ጥንድ ጥንዱን ነው የምታሰጣው። ባሕሩ ጋ የምንደርሰው በምሳ ሰዓት ስለሆነ ከምድጃው ንቅንቅ ማለት የለም፤ ስንመለስ ደግሞ ጨልሟል።

የጻፍኩልሽ ሁሉ አንድ አፈ ቅቤ አስተናጋጅ የነገረኝ ነው። መጀመሪያ ላይ አላየሁም ማለት አፈርኩ። ከዚያማ መንትዮቹ በቃሌ ሥለው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፣ አንቺም ለጎረቤት አነበብሽው፤ በምን አፌ ልመልሰው? ልምጣ ባልሽ ቁጥር ይጨናነቃል፣ ሙቀቱ አይስማማሽም ያልኩት ውሸቴ እንዳይታወቅ ፈርቼ ነው። አንቺን የሚያህል ሰው ባሕር እንዳታይ ከለከልኩ።

ባለፈው ሳምንት ፉርጎአችን ለጥገና ገብቶ ሲወጣ አዙረው ቀጠሉት። እኔ ይህን ሳላውቅ ሽንኩርት እያቁላላሁ ቀና ብል ባሕሩ መስኮቴን ሞልቶታል። ሰማያዊ ነው ብዬሽ ነበር፤ የዚያን ቀን እንኳ የሰሃን እጣቢ ነው የሚመስለው። ጸጥ ያለ ነው ብዬሽ ነበር፤ አንድ አፍታ አርፎ የሚተኛ ነገር አይደለም። መጨረሻውን ብፈልግ አጣሁት። ሽንኩርቱ አረረ፣ ሼፉ ሰደበኝ፣ እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አስተናጋጁን ምነው እንዲህ አልነገርከኝ ስለው፣ «እኔ መች አየሁት፤ ትሪ ይዤ የማየው የሰው ሰሃን ነው» ብሎ አረፈው። ሳቅኩ፤ ወዲያው አንቺ ትዝ ብለሽኝ አለቀስኩ።

አሁን ለሠራተኛ ቤተሰብ በዓመት አንዴ የሚሰጠውን ቲኬት በስምሽ አስወጥቻለሁ። ወንበርሽ በግራ፣ ባሕሩ በሚታይበት በኩል፣ መስኮቱ ጥግ ነው። ሼፉን ለምኜ ፈቃድ ስለወሰድኩ ካንቺ ጎን እቀመጣለሁ። የዚያን ቀን እኔ አንዲት ቃል አልናገርም፤ አንቺው አይተሽ ንገሪኝ።

ጋሼን በአክብሮት ሰላም በይልኝ። አማትሽን እጃቸውን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ለትንሿ አኩራፊ ደግሞ አጎትሽ አልረሳሽም በያት። አንቺን ግን በወረቀት አልስምሽም። ከተቆጣሽም እዚሁ መጥተሽ ተቆጪኝ።

ያሳደግሽው ወንድምሽ
ከባቡር ሠራተኞች ማደሪያ፣ ኅዳር 12 ቀን