የአባባ መነጽር ፀሐይ አልሰበሰበም

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም።

ለቴሌስኮፔ ቱቦ አግኝቻለሁ፤ አጎቴ ከማንኪራ ጫካ ያመጣልኝ ባዶ የንብ ቀፎ ነው። አያቴ አባባ «ንቦቹ ጨረቃ ላይ ሊሰፍሩ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ። የቀረኝ ሌንስ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን የሽማግሌ ማንበቢያ መነጽር ፀሐይን ወረቀት ላይ በአንድ ነጥብ ከሰበሰበ ይሠራል ብሎናል። እኛ ቤት ደግሞ ሽማግሌ አልጠፋም።

ዛሬ አባባ ሲያንቀላፉ መነጽራቸውን ለሙከራ ሰረቅኩ። ግቢ ወጥቼ ወደ ወረቀቱ ባቀርበውም ባርቀውም ነጥብ የለም። ፊደል ላይ ባደርገው ፊደሉ አላደገም። ለጌጥ የሚሸጥ ተራ መስታወት ነው። በየማለዳው ዳዊት የሚያነቡት በዚህ ነው?

ሲነቁ መልሼ ሰጠኋቸውና የዕቃዬን ዝርዝር ዘረጋሁላቸው።

«አባባ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

ወረቀቱን አቀረቡት፤ ደግሞ አራቁት። «ምን ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ነው ይሄ? ዶሮ የጫረው ይመስላል።»

ዝርዝሩ እኮ በኮምፒውተር የታተመ ነው።

ለካ ዳዊቱን በልጅነታቸው በቃላቸው ይዘውታል፤ ገጹን የሚገልጡት እኛ እንድናይ ነው። ለእናቴ ብነግራት ነገውኑ ዓይን ሐኪም ዘንድ ትወስዳቸዋለች። ግን እሳቸው ምን ይሉኛል? ዝርዝሩን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ማወቄ የገባቸው መሰለኝ። መነጽሩን በጋቢያቸው እየወለወሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለመሆኑ በዚያ ቀፎህ ቅርብ ያለውም ይታያል?» አሉኝ።