የሽታዬ አዲስ ቀሚስ

ሸሕዲ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሀብትነሽ። እንደምን ከርመሽልኛል? እኛ ቆላው ወባ ሳያስተኛን፣ ሰሊጡም ማሳ ላይ ሳይረግፍ ታኅሣሥን አይተናል፤ ተመስገን ነው።

ለሸንጎ የተመረጥሽ ለት ባለቤቴ ማተቤ ሬዲዮኑን ደጅ አውጥቶ ለመንደሩ ሁሉ አሰማ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ «ሴት ልጅ መጀመሪያ ትማር» ስትይ ያጉረመረሙብሽ እንኳ ዛሬ በስምሽ ይምላሉ።

ማተቤ ወይፈን እያደለበ ነው። ከሳንጃ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው በልተው ጠጥተው ሄዱ። ለልጃችን ለሽታዬም ከሱዳን ነጋዴ ቀሚስ ገዛላት፤ ስትለብሰው መሬት ይጠርጋል። «ታድግበታለች» አለኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ለመስቀል ነው፤ አንቺ አትረሺውም።

ጥር ሳይገባ ለሥራ ወዲህ ብቅ የምትይ ከሆነ መንገዱ ደርቋል፤ ከጎንደር አውቶቡስ አይጠፋም።

ይህን የምትጽፍልኝ አንቺው ፊደል ያስቆጠርሻት ሽታዬ ናት። አሁን «ጥር ሳይገባ ለምን?» ብላ እስክሪብቶዋን አቆመች። «ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኋት።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ የላይኛው ይጠብቅሽ። ከጥር በኋላ የሚደርስሽ ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ቢሆን አትደነቂ።

ታላቅ እህትሽ ባየሽ