ደረጃ ሃያ ሁለት እና የእትዬ ዘሃራ መልእክት

ሰኞ

በመርሳ ከተማ ከእኔ በላይ የተማረ የለም። እሺ፣ በሰፈራችን። እሺ፣ በግቢያችን። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና ሁለት ፍየሎች ነን፤ አንደኛዋ ደግሞ የድሮ ደብተሬን ስለበላች እሷም ሳትማር አልቀረችም።

ስሜ ሸምሱ ነው። ይህን ራሴ ጻፍኩት። ሃያ ዓመት መናኸሪያ ቆሜ «ወልድያ! ወልድያ! ሁለት ሰው!» እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታፔላ የማነበው በመልኩ ነበር። የፈረንጁንም ፊደል በመልኩ እለያለሁ። ሐራ የምትባለው ከተማ ማለት መሰላል፣ ጎጆ፣ ሆዳም፣ ጎጆ ነው። እንዲህ እያልኩ ሃያ ዓመት አንድ መንገደኛ አላሳሳትኩም።

የኛን ፊደል የማታ ትምህርት ገብቼ ለየሁ። ሦስቱ ሀ ብቻ አስቸገሩኝ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መምህርት አስናቀች ደብተር ሰጠችንና «እንዳይጠፋችሁ በየቀኑ ጻፉ። ለማንም አታሳዩ፣ ግን እውነቱን ጻፉ» አለችን። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ቀኑን አልጽፍም፤ የግድግዳው ካላንደር ነሐሴ ላይ ቀርቷል። አሁን ጥቅምት ነው፣ ማሽላው ይናገራል።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መናኸሪያው ውስጥ ዶሮ ብቻ ነው የሚዞረው። መብራት የለም። ስልክ የለም። ስልክ አለኝ ማለቴ ነው፣ የሌለው ኔትወርኩ ነው። የእህቴ ልጅ ሰሚራ በመጨረሻው መኪና ወደ ደሴ ስትሸሽ አሮጌ ስልኳን አስጨበጠችኝና «አጎቴ፣ አውሬዎቼን አደራ!» ብላ ሳቀች።

አውሬዎቹ የስልክ ጨዋታ ናቸው። እየያዝክ ታጠራቅማለህ፣ ታበላለህ፣ ታሳድጋለህ። እሷ ደረጃ አስራ አንድ ላይ ነው የተወችው። እኔ አስራ ዘጠኝ አድርሻለሁ። ስማቸውን ሁሉ በመኪና ስም ቀይሬያለሁ። ሆዳሙ ቅጥቅጥ ነው፣ ፈጣኗ ዶልፊን፣ እሳት የሚተፋው አባዱላ።

ችግሩ እንቁላሉ የሚፈለፈለው ኔትወርክ ሲያገኝ ነው። ኔትወርክ ደግሞ ያለው ጋራው ጫፍ ላይ ነው፤ ከደሴ በኩል አንዲት ጭረት ሾልካ ትመጣለች። ስለዚህ በየቀኑ ጋራ እወጣለሁ። ስልክ ይዞ ጋራ የወጣ ሰላይ ስለሚባል ማጭድ ይዤ ሣር አጫጅ እመስላለሁ።

ሰፈሩ ግን የሰው መልእክት ለመቀበል የምወጣ መስሎታል። የጎረቤቴ የእትዬ ዘሃራ አንድ ልጃቸው ኢብራሂም ደሴ ጋራዥ ነው የሚሠራው። የኔን ቁጥር ከሰሚራ ወስዷል ተብሏል። ከነሐሴ ጀምሮ ድምፁን አልሰሙም። በየቀኑ ቆሎ ቋጥረው ያቀብሉኛል። «ለሰው ብለህ ጉልበትህን ጨረስክ የኔ ልጅ፣ አላህ ያክብርህ» ይሉኛል።

ቆሎውን እበላለሁ። አሚን እላለሁ።

ማክሰኞ

ሃያ! ዛሬ ደረጃ ሃያ ገባሁ።

ዘዴውን ለራሴ ልጻፈው። አውሬ በያዝክ ቁጥር ቶሎ አታሳድግ። ትንንሾቹን አጠራቅም። ነጥብ ድርብ የሚያደርግ ጠብታ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ይሠራል። ጠብታውን ከፍተህ ያጠራቀምከውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ታሳድጋለህ። መኪና እንደመሙላት ነው። አንድ በአንድ የሚጭን ሰው ሲመሽበት ይኖራል።

ከጋራው ስወርድ «ሃያ! ደረጃ ሃያ ደረስኩ!» ብዬ ጮህኩ። የመናኸሪያ ጉሮሮ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እትዬ ዘሃራ ወጥተው እልልታቸውን አቀለጡት።

«ሃያኛ ደረጃ! መምህርቷ ሳትኖር፣ ብቻህን?»

የማታ ትምህርት ያለው ሁለት ደረጃ ነው። እኔ ሁለተኛው ላይ ሳለሁ ነው የተዘጋው። «እትዬ፣ ይኼ የአውሬ ደረጃ ነው» ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን «ምን ይደረግ እትዬ፣ ጭንቅላት ነው» ነው።

«እንግዲያው የኢብራሂም ወረቀት ሲመጣ የማንንም ደጅ አልጠናም። አንተ ታነብልኛለህ።» ወረቀት የሚሉት የስልክ መልእክት ነው።

«በደንብ እንጂ!» አልኩ። በኋላ ለሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ፣ ሠላሳ አድርሰውኛል።

ረቡዕ

አላኮራኝም ዛሬ።

ጋራው ላይ ወጣሁ። ጠብታውን ከፈትኩ። አርባ ሦስት አውሬ አጠራቅሜ ነበር። የስልኩ ባትሪ ትንሽ ነው የቀረው፤ ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል ብዬ። አስራ አምስተኛው ላይ ስልኩ ጢው አለ። መልእክት ነው።

ከፈትኩት። በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው! አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል። የዛሬ ልጆች እንዲህ ነው የሚጽፉት አሉ፤ መምህርት አስናቀች ይህን አላስተማረችንም። ገረፍ አደረግኩት። ቁጥሩ እትዬ ያስያዙኝ የኢብራሂም ቁጥር ነው። መሃል ላይ መሰላል፣ ጎጆ፣ ሆዳም፣ ጎጆ አየሁ። ሐራ! ጁምዓም ይላል። ጠብታው እየሮጠ ነበር። ዘጋሁትና ወደ አውሬዎቼ ተመለስኩ። ሃያ ሁለት ስገባ ስልኩ ጥቁር አለ።

እትዬ ዘሃራ እታች ቆመው ጠበቁኝ። ፊቴን አይተው አወቁ።

«መጣ?»

«መጣ፤ ስልኩን ብርድ መታውና ጠፋ እንጂ።»

«አንብበኸዋል አይደል?»

«እንዴታ! ደህና ነው እትዬ። ወደ ሐራ ይመጣል።»

«መቼ?»

«ጁምዓ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ እጄን ሳሙ። እኚህን የሚያህሉ ሴትዮ የኔን እጅ። እጄን መቀማት እንኳ አላወቅኩበትም።

ሐሙስ

እትዬ ዘሃራ የሉም።

ነገ ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ለካ ለጁምዓ ለመድረስ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ወጥተዋል። ብቻቸውን። የኢብራሂምን ሸሚዝ ይዘው። በእግር እስከ ሐራ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለሳቸው ጉልበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ከውጫሌ በኩል መድፉ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ነበር። መንገድ ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም።

ሐጂ ዑመር ቤት ሄድኩ። በሰፈሩ ሶላር ያላቸው እሳቸው ናቸው፣ በተራ ነው ስልክ የምንሞላው።

«ተራህ ቅዳሜ ነው» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እባክዎ፣ የእትዬ ዘሃራ መልእክት አለበት።»

«የዘሃራ ነው የአባዱላ?»

ለካ ያውቃሉ! ስልኩን ዘረጋሁላቸው። ሐጂ የራሳቸውን ስልክ ነቅለው የኔን ሰኩልኝ። ከዚያ የሚብስ ስድብ አልሰማሁም።

እኩለ ቀን ላይ ተከፈተ። መልእክቱን ረጋ ብዬ አየሁት። ከመሰላሉ ፊት ሁለት ፊደል ተለጥፏል። አንዱ እንደ ዳገት መንገድ የተጠማዘዘ፣ አንዱ ማበጠሪያ። የታፔላው ሐራ ፊት ማንም አይቆምም!

በመርሳ የሚያነብልኝ ሰው አንድ ሁለት አይጠፋም ነበር፣ የተማረው ግን ሸሽቷል። መምህርት አስናቀች ባሏ ሲሪንቃ ስለሚሠራ እዚያ ናት። በአቋራጭ ሮጥኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስኩ። ደጅ እህል ታነፍስ ነበር።

«ሸምሱ! ትጽፋለህ?»

«እጽፋለሁ መምህርት። መጀመሪያ ይህን አንብቢልኝ።»

አየችው። ያነበበችልኝን እንዳይጠፋኝ እጽፈዋለሁ።

«እናቴ ዘሃራ፣ ደህና ነኝ። ደሴ አልተመቸም፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ኮምቦልቻ እየወጣን ነው። የሚመጣው ሳምንት ጁምዓ እደውላለሁ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ከቤት እንዳትወጪ።»

«ሐራስ የት አለ?» አልኳት።

ጣቷን አስቀመጠችበት። ዘ፣ ሃ፣ ራ። ስማቸው ነው። የገዛ ስማቸውን ጭራ ቆርጬ ከተማ አድርጌ ነው የላክኋቸው።

በኛ ፊደል ሦስቱ ሀ ያስቸግሩኝ ነበር። የሐራው ሌላ፣ የዘሃራው ሌላ። «አንድ ሀ አይበቃም ወይ?» ብዬ ክፍሉን አስቄ ነበር። ፈረንጁ አንድ ሀ ብቻ አለው፣ ጉድ ሠራኝ።

መምህርት አስናቀች አልሳቀችም። «ዛሬ እዚህ እደር፣ ማለዳ ትሄዳለህ» አለች።

ጁምዓ

አገኘኋቸው። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ።

በመንገዱ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ «ሸሚዝ የያዙ እናት አይታችኋል?» እያልኩ ነው የሄድኩት። አንድ ግመል የሚነዳ ሰውዬ «ሀዲዱ ጋ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል» አለኝ። ሐራ ዳር፣ ባቡር ሳይመጣበት የቀረው ሀዲድ ማለቂያ ላይ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሸሚዙን ጭናቸው ላይ አጥፈው። አንድ እግራቸው አብጧል። ጫማቸው ተበጥሶ በገመድ አስረውታል።

ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሱ። ከኋላዬ ሌላ ሰው እየፈለጉ ነው የሚያዩት። ያንን አስተያየት ምን ብዬ ልጻፈው፣ ፊደል የለኝም።

«ኢብራሂምስ?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ደረጃው የአውሬ እንደሆነ፣ ስልኩን ብርድ ሳይሆን እኔ እንደጨረስኩት፣ ፊደሉን እንደማላውቅ። እንደ ወያላ አንድ ትንፋሽ ላይ ለፈለፍኩት።

ሸሚዙን እንደገና አጠፉት። ከዚያ «ሐራ የሚለው ስሜ ነው?» አሉ።

«ስምዎ ነው እትዬ።»

«አሳየኝ።»

ስልኩን ከፈትኩ። መሰላሉን፣ ጎጆውን፣ ሆዳሙን አሳየኋቸው። ጠማማውንና ማበጠሪያውንም። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አኖሩ። «ልጄ ስሜን ጻፈ በል። ደህና ነኝ የሚለውስ የቱ ጋ ነው?» ያንንም አሳየሁ፣ መምህርቷ እንዳሳየችኝ።

«ይኼ ውሸት አይደለም?»

«ይኼ እውነት ነው።»

«እንግዲያው እግሬ ይቃጠል፣ ምን አባቱ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ሸምሱ፣ ለአውሬ ብለህ ነው ቆሎዬን ስትበላ የከረምከው?» አሉ። ሳቁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጁምዓ ያልከውስ?»

«የሚመጣው ሳምንት ጁምዓ እደውላለሁ ነው የሚለው እትዬ።»

ፊታቸው በራ።

እሑድ

ትናንት ማታ መርሳ ገባን። ግማሹን መንገድ አህያ ለምኜ አስጫንኳቸው፣ ዳገቱን አዘልኳቸው። ቀላል ናቸው። ይህንን ለጉራ አይደለም የምጽፈው። እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

አውሬዎቹን አልከፈትኩም። ሃያ ሁለት ላይ ቆመዋል። ሰሚራ ብትጠይቀኝ አደራሽን ጠብቄያለሁ እላለሁ። የሌላውን አደራ እንዳትጠይቀኝ እንጂ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ዘሃራ መጡ። በእጃቸው አዲስ የወይራ በትር ይዘዋል። ለሐጂ ዑመር ነግረዋቸው ለሐሙስ የስልክ መሙያ ተራ አስይዘውልኛል። «ጁምዓ ጋራውን አብሬህ እወጣለሁ። ድምፁን በጆሮዬ ልስማ፣ አንተን ከእንግዲህ አላምንህም» አሉና ሳቁ። እግራቸው እንዳበጠ ነው። ያን ጋራ እኔም ሁለቴ አርፌ ነው የምወጣው።

ሐጂ ሲያልፉ «ጎበዝ ሸምሱ፣ ሰው ሆንክ» አሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

መምህርት አስናቀች እውነቱን ጻፉ ብላለች። አራት ቀን ሙሉ ይህን ደብተር ሳይቀር ዋሽቼዋለሁ። የረቡዑንና የሐሙሱን ገጽ ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሳሁና ተውኩት። እንዳለ ይቆይ፣ ይመስክርብኝ።

ሐራን ተሳስቼ ነው ያነበብኩት፣ ወላሂ። ጁምዓን ግን አላነበብኩትም። ጋራው ሥር «መቼ?» ሲሉኝ ዓይናቸውን አየሁና ከአፌ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁ። መምህርት አስናቀች ስታነብ የትኛውም ቦታ ጁምዓ አላለችም። «እደውላለሁ» አላለችም። ያቺን አንዲት መስመር የጨመርኳት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ ደብተሩ ላይ፣ በማግስቱ ለእሳቸው።

እስከ ጁምዓ አምስት ቀን አለኝ። በሩን አንኳኩቼ ልነግራቸው ሁለቴ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ። በትራቸውን ደጃፉ ላይ አስደግፈውታል።

ልጃቸው የጻፈው የሚያልቀው «ከቤት እንዳትወጪ» ላይ ነው።