በጭፈራ የታተመው ቧንቧ

የኔ ቆንጆ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ካርዱን ገልብጪና እዪው፤ ባዶ ጀሪካኖች ተሰልፈው ደረቁን ቧንቧ ይለምናሉ። እዚህም ውሃ ከጠፋ ሰነባብቷል። የሰፈሩ አናጢ ሥዕሉን አሮጌ በር ላይ ፈልፍሎ ቀለም ቀባው፤ ወረቀትና ብርድ ልብስም ደረበበት። ማተሚያ መኪና ስለሌለ፣ ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ እንዲታተም ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ጨፈረበት! አከራዬ እጄን ይዘው፣ «ነይ እንጂ፣ ይሄ ውፍረትሽ ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር ይዋል» አሉኝ።

ሥዕሉ በየግድግዳው ከተለጠፈ ወዲህ የውሃ ቢሮ ሰዎች መቆፈር ጀምረዋል። እዚያ እኛ ሰፈርማ ቧንቧ ሲደርቅ የሚሠራው አፋችን ብቻ ነው። ጥግ ላይ የደበዘዘችው ጀሪካን የእኔ ናት፤ በሳቅ ፍርስ ብዬ በቅጡ አልረገጥኳትም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ቦታው አለቀብኝ፤ እናትሽን ግን ለምኝልኝ፣ ያን የተገነጠለ የጓዳ በር እንዳይማግዱት!