የተረፈሽ ኪኒን

ለጣውንቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽን የምጠይቅሽ ለወጉ አይደለም፤ መልሱን አጥብቄ ስለምፈልገው ነው። እኔ አለሁ፤ ይህን የምጽፍልሽ ግን ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነው። ፊደሌ ተወላግዶ ብታዪው ካረጀች በኋላ የተማረች ብለሽ አትሳቂ፤ የዛሬው የእጄ መንቀጥቀጥ ነው። መጻፍ የቻልኩ ሰሞን ከሁሉ በፊት ያማረኝ ለአንቺ ስድብ መጻፍ ነበር። ይኸው ቀኑ ደርሶ ስጽፍልሽ፣ ስድቡ ተራ መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

ያ ባል ተብዬ እኔን ጥሎ አንቺን አገባ፤ አንቺንም ጥሎ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ዓይንሽን የማይበት ምክንያት አልነበረኝም፤ የሁለታችንም የታይሮይድ ዕጢ ደክሞ አንድ ወረፋ ላይ ባያገናኘን ኖሮ። ባል መጋራታችን አንሶ በሽታም ተጋራን። የእኔ ኪኒን ከየመድኃኒት ቤቱ ሲጠፋ፣ አንቺ በባዶ የክሬም ብልቃጥ ሞልተሽ አመጣሽልኝ። ተርፎኛል፣ ውሰጂው አልሽ። አላመሰገንኩሽም። ወሰድኩት እንጂ።

እኔ እንደሆንኩ፣ ላውንደሪ ውስጥ ሰው ሁሉ በእንፋሎቱ ሲቀቀል ካውያውን ተጠግቼ የምሞቅ ሴት ነበርኩ። ያንቺን ኪኒን መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ላቤ በሰው ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። ቁጭ ብዬም ልቤ ደረጃ እንደወጣ ሰው ትደልቃለች። እንቅልፍ የሚባል የለም። እየበላሁ ቀሚሴ ይሰፋኛል። ልብስ የምታጥፈው ያቺ ነገረኛ፣ እትዬ ባል አግኝተው ነው እንዴ እንዲህ ያማረብዎት ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ሞኟም ደስ አለኝ፤ ልጅነቴ የተመለሰ መሰለኝ። እንዲህ እያልኩ ካውያው ከእጄ አምልጦ የደንበኛ ሸሚዝ አንገትጌ አቃጠለ። አለቃዬ፣ እትዬ ከእንግዲህ አንድ ቢያቃጥሉ ቤትዎ ይቀመጡ አለኝ። ለእናቴ ሞት ያላለቀስኩትን ያህል ለአንገትጌ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ነው አንቺ የመጣሽብኝ። ይቺ ሴት ምን ሰጥታኝ ነው አልኩ። ባሌን ወስዳ አልበቃትም፣ ነፍሴን አማራት አልኩ። ብልቃጡን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ የመጣሁት ልከስሽ ነው፤ ምን ልደብቅሽ።

ሐኪሙ ደሜን አስመረመረ፤ የልቤን ምት አዳምጦ ፊቱ ተለወጠ። አንዷን ኪኒን ወደ መብራቱ አስጠግቶ በላይዋ የታተመችውን ደቃቃ ቁጥር አነበበ። የእርስዎ ሃምሳ ነው፣ ይሄ መቶ ነው፤ በየቀኑ እጥፉን ሲውጡ ከርመዋል አለኝ። ልቤ እስኪረጋ እዚሁ እንድተኛ አዘዘ። ይኸው፣ ልትገድለኝ ነበር ልል አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። ይህ መድኃኒት ዕድሜ ልክ በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ለማንም አይተርፍም፤ ለመሆኑ ይህን ሁሉ የሰጠችዎ ሴት ራሷ ምን እየዋጠች ነው? አለኝ።

መልክሽ ትዝ ያለኝ ይሄኔ ነው።

ባለፈው እሁድ ስትመጪ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ካፖርት ደርበሽ ነበር። ፊትሽ አብጦ፣ ድምፅሽ እንደ ወንድ ጎርንኖ። የጀመርሽውን ወሬ ሳትጨርሺ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ። እኔ ንቀት መሰለኝ፤ ቤቴ ድረስ መጥታ ታንጎላጃለች ብዬ ሳህኑን ሆን ብዬ አንኳኳሁብሽ። አልነቃሽም። በሽታውን በገዛ አካሌ የማውቀው ሴት፣ የራሴን ልብ ሳዳምጥ ያንቺን መልክ ሳላየው ቀረሁ።

ባል ወስደሽ በኪኒን ልትመልሺልኝ ነው? ማን ጠየቀሽ?

አሁን ደግሞ ደንግጠሽ በራስሽ መዋጥ እንዳትጀምሪ። ያቋረጠ ሰው ልቡ ሳይታይ አይጀምርም፣ መጠኑን እኔ ነኝ የምወስነው ብሏል ሐኪሙ። ዛሬውኑ ትምጣ ብሏል። ስልክሽን ብደውል ብደውል አታነሺም፤ ተኝተሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ደብዳቤውን የያዘው ባለታክሲ እስክትከፍቺ በሩን እንዲደበድብ ነግሬዋለሁ። ነገ እመጣለሁ ብትዪው እንዳይሰማሽም ነግሬዋለሁ። ዝም ብሎ ነይ ቢልሽ እንደማትመጪ ስለማውቅ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ ስትደርሺ እንዳታሳጪኝ። ካርድ ሲያወጡልሽ፣ ምንዎ ናት ብለው ጠየቁኝ። ጣውንቴ ብል ጸሐፊዋ እስክትስቅ፣ እስክትጠይቅ፣ ለጎረቤቷ እስክትነግር ወረፋው ያልፍብሻል። እህቴ አልኳት። ለወረፋው ብዬ ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ።

እስክትደርሺ ፈጣሪ ከአጠገብሽ አይራቅ። ካፖርትሽን ደርቢ።

በካርዱ ላይ እህትሽ